የኮሮላው ቶርክ ኮንቨርተር፤ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፤ ምልክቶቹን መለየት

መኪናው ከዱባይ የገባ፣ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ ባለ 1.8 ሊትር፣ ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሰዓት ከ60 እስከ 75 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ነዳጅ በለስላሳው ተረግጦ ሲኬድ መላው መኪና ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፤ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ወይም እግር ሲነሣ ይተዋል። ሁለተኛው፣ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ከታች በኩል ዘይት ያልባል።

መኪናውን ከእኔ በፊት ያየው ጋራዥ “ካምቢዮው አልቋል፤ ሙሉውን ለውጡት” ብሎ ነበር። ለዚህ ፍርድ ያቀረበው ማስረጃ የስቶል ሙከራ (መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበትን ዙር መለካት) ቁጥር ሲሆን፣ ወደዚያ ቁጥር ከመሄዴ በፊት ግን ንዝረቱ በእርግጥ ከካምቢዮው የሚመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ካንዴላው ያረጀ ወይም ኮይሉ የደከመ ሞተርም በዚሁ ፍጥነት፣ በዚሁ የእግር ጫና ሊንቀጠቀጥ ይችላልና።

ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ፣ ፍጥነትን ሳያቆራርጡ ይዞ ለመሄድ ከተማ ውስጥ የማይገኝ ዕድል አለን። ብሉቱዝ ያላት ትንሽ የምርመራ ማንበቢያ ከመሪው በታች ካለው ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ የሞተሩን ዙርና የመኪናውን ፍጥነት በስልክ እንዲመዘገብ አደረግሁ። በ80 ኪሎ ሜትር እግሬን ሳላንቀሳቅስ ሞተሩ 1,850 ዙር ገደማ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ፣ በግራ እግሬ የፍሬን ፔዳሉን የኋላ መብራት እስኪበራ ያህል ብቻ ነካ ሳደርገው ዙሩ ወደ 2,050 ዘለለ፤ ስለቀው ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ወረደ።

ይህ የሆነው የፍሬን መብራት ማብሪያው ለኮምፒውተሩ ምልክት ስለሚልክና ኮምፒውተሩም በቶርክ ኮንቨርተሩ (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሆኖ ኃይሉን በዘይት በሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለውን ሎክ አፕ ክላች፣ ማለትም ሁለቱን በቀጥታ የሚያያይዘውን፣ ስለሚለቀው ነው። ክላቹ ሲለቅ ሞተሩና ካምቢዮው በዘይት ብቻ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸውም መንሸራተት ይፈጠርና ዙሩ ከፍ ይላል። በንዝረቱ መካከል ይህንኑ ሳደርግ ንዝረቱ ወዲያው ቆመ። የሞተር ጉድለት ቢሆን ኖሮ ፍሬን መነካቱን አያውቅም ነበር። በተጨማሪም ጠዋት፣ የራዲያተሩ ውኃ ገና ሳይሞቅ፣ ንዝረቱ ፈጽሞ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ሎክ አፕ አያስይዝምና። ማንበቢያዋ ምንም የጉድለት ኮድ አላሳየችም። ፒ0741 የሚባለው ኮድ የሚመዘገበው መንሸራተቱ ኮምፒውተሩ ከሚታገሠው በላይ ሲሆን ስለሆነ፣ ኮድ አለመኖሩ ክላቹ ጤነኛ ነው ለማለት አያበቃም።

ጥቅምት መጀመሪያ፤ የስቶል ቁጥሩ

የስቶል ሙከራ አሠራሩ አጭር ነው። የካምቢዮው ዘይት ይሞቃል፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ በግራ እግር ፍሬን ጠንክሮ ይያዛል፣ ማርሹ ዲ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያም ነዳጅ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሩ ከዚያ በላይ የማያልፈው ከፍተኛ ዙር ይነበባል። ከ5 ሰከንድ በላይ መቆየት አይፈቀድም፤ መኪናው ስለማይንቀሳቀስ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ከሙከራው በኋላ ማርሹን ኤን ላይ አድርጎ ሞተሩን በባዶ ማሠራት ዘይቱ ዞሮ እንዲቀዘቅዝ ይረዳል። ፊት ለፊት ሰው ባለበት ይህን ሙከራ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ፤ ፍሬኑ ቢከዳ ምን እንደሚሆን አላሰበም።

የእኛ መኪና 2,060 ዙር ሰጠ። ጋራዡም ያገኘው ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነው። ቁጥሩ አምራቹ ከሚጽፈው ያነሰ ከሆነ፣ መመሪያዎች በአብዛኛው ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ፤ ወይ ሞተሩ ደክሟል፣ ወይ የኮንቨርተሩ ስታተር (በውስጡ ያለችው የዘይቱን አቅጣጫ የምታዞር ባለ ክንፍ መንኮራኩር) በአንድ አቅጣጫ መያዝ ሲገባው ይንሸራተታል። ሞተሩ ደኅና ስለሚመስል ጋራዡ ሁለተኛውን መረጠ።

ነገር ግን እነዚያ ቁጥሮች የተለኩት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ላለ አየር ነው፤ እኛ ያለነው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ከ101 ኪሎ ፓስካል ትንሽ ሲበልጥ፣ በ2,100 ሜትር ወደ 78 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ፣ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። ኮንቨርተር የሚቀበለው የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ ከዙሩ ስኩዌር ጋር አብሮ የሚያድግ ስለሆነ፣ ኃይሉ ወደ 0.78 ሲወርድ ዙሩ የሚወርደው ወደ 0.88 ነው። መጽሐፉ ለምሳሌ 2,400 የሚል ከሆነ፣ ምንም ጉድለት የሌለበት መኪና ቱሉ ዲምቱ ላይ 2,110 ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ቢለካ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ስሌቱን ብቻ ማመን ስላልፈለግሁ ተመሳሳይ ሞተርና ካምቢዮ ያለው፣ ምንም ችግር የሌለበት የጎረቤት ኮሮላ ለምኜ ለካሁ፤ 2,080 ሆነ። የ20 ዙር ልዩነት በዚህ ዓይነት ሙከራ ከመለኪያው ስሕተት አይለይም። ስለዚህ በእኛ አካባቢ የስቶልን ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር ከማነጻጸር፣ በዚያው ሰፈር ካለ ጤነኛ መኪና ጋር ማነጻጸር የተሻለ ነው እላለሁ። ይህ ካልተደረገ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለ መኪና ሁሉ ስታተሩ የተበላሸ ሊመስል ነው።

ስታተሩ በእርግጥ ቢንሸራተት ኖሮ ሌላም ምልክት ነበረው። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ይደክምና ፍጥነት ከያዘ በኋላ ደኅና ይሆናል። በተቃራኒው ስታተሩ ተጣብቆ መዞር ቢያቅተው፣ አነሣሡ ደኅና ሆኖ በከፍተኛ ፍጥነት ይከብዳል፣ ዘይቱም ያለ ልክ ይሞቃል። የእኛ መኪና ከሁለቱ አንዱም የለበትም።

ጥቅምት አጋማሽ፤ ዘይቱን በመቀየር መሞከር

ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ርካሹ ሙከራ ዘይት ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የሚፈለገው ዓይነት ታትሟል፤ ቲ-አራት የሚባለው የቶዮታ ዘይት ነው። ባለቤቱ ከዓመታት በፊት ሌላ ጋራዥ የቀየረበትን ደረሰኝ አምጥቶ ሲያሳየኝ የተጻፈው ዴክስሮን ነው። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም ማርሽ ያስገባሉ፤ ነገር ግን በክላች ገጽ ላይ የሚሰጡት የመያዝ ጠባይ አንድ አይደለም። ሎክ አፕ ክላች በሚይዝበት ቅጽበት ሁለቱ ገጾች በጥቂቱ እየተንሸራተቱ ነው የሚቀራረቡት። ጥሩ ዘይት ባለበት፣ መንሸራተቱ ሲፈጥን ፍትጊያው በጥቂቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ አያያዙ ይረጋጋል። ዘይቱ ሲያረጅ ወይም ዓይነቱ ሌላ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መንሸራተቱ ሲዘገይ ፍትጊያው ያድግና ክላቹ ያዝ ለቀቅ ያዝ ለቀቅ ይላል። መቀመጫ ላይ የሚሰማው ንዝረት ይኸው ነው።

በባለ 10 ሄክሳጎን ቁልፍ የኮፓውን (ከካምቢዮው ታች ያለውን የዘይት ገንዳ) ቡሎን ስፈታ የወረደው ዘይት ወደ ጥቁር ያደላ ቡኒ ነበር፤ የመቃጠል ሽታም አለው። በመለኪያ ጀሪካን ለካሁት፤ 3 ሊትር ገደማ ነው። ኮፓው ራሱ ሲወርድ ማግኔቶቹ ላይ ግራጫ ለጥ ያለ ዝቃጭ ተጣብቋል፤ በጣት ሲፈተግ አይቆረቁርም። የሚቆረቁር ቅንጣት ወይም የሚያብለጨልጭ ስንጣሪ ቢኖር ኖሮ ሥራው እዚያው ቆሞ ሙሉ ካምቢዮ መፍታት ነበር። ማጣሪያውን በአዲስ ተካሁ። የሎክ አፕ ሶሌኖይዱን (ወደ ክላቹ የሚሄደውን ዘይት በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) መቋቋም በመልቲሜትር ስለካ 13 ኦም አነበበ፤ ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሶሌኖይድ የሚሰጠው ከ11 እስከ 15 ኦም ስለሆነ ደኅና ነው።

በኮፓው ቡሎን የሚወርደው ዘይት ከጠቅላላው ከፊሉ ብቻ እንደሆነ ብዙ ሰው አያስብም። ኮንቨርተሩ የራሱ ማፍሰሻ ቡሎን የለውም፤ በውስጡ፣ በቱቦዎቹና በማቀዝቀዣው ያለው ዘይት እዚያው ይቀራል። ጠቅላላው 7.5 ሊትር ቢሆንና በእያንዳንዱ ጊዜ 3 ሊትር ቢቀየር፣ ከመጀመሪያው ቅየራ በኋላ 60 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 36 በመቶ፣ ከሦስተኛው በኋላ 22 በመቶ ያህል አሮጌ ዘይት ይቀራል። በሊትር 1,400 ብር እየተገዛ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ቢሆንም ካምቢዮ ከማውረድ ይቀልላል። በየቅየራው መካከል መኪናው ዘይቱ እንዲቀላቀል ለቀናት ተነዳ።

ንዝረቱ ከሁለተኛው ቅየራ በኋላ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ባለቤቱ ደስ ብሎት ነበር፤ እኔ ግን የላበው ዘይት ስላልቆመ መኪናውን መልሶ እንዲያመጣው ነገርኩት። በኅዳር መጀመሪያ ወደ ደብረ ዘይት ደርሶ ሲመለስ ንዝረቱ ተመልሷል፤ ከቀድሞው ቢያንስም በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው አኳኋን ነው። ገበያ ላይ “ንዝረት ያጠፋል” ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ተጨማሪ ፈሳሽ እንድጨምር ተጠይቄ አልተስማማሁም። ክላቹ ገጹ ከተቃጠለ ፈሳሹ የሚያደርገው ምልክቱን መሸፈን ነው፤ የሚላበውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ለመለወጥ ካምቢዮው መውረዱ የማይቀር ከሆነ ደግሞ ሁለቱን አብሮ መሥራት ይሻላል።

ኅዳር፤ ካምቢዮውን ማውረድ

የግቢዬ የሥራ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ሥራው ዝናቡ ካበቃ በኋላ መሆኑ ጠቅሞናል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በብሎኬት ያልተያዘ ጉድጓድ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገፋል። የሚረዳኝ በቴክኒክና ሙያ አውቶ መካኒክ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው።

ባትሪው፣ የአየር ማጣሪያው፣ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) እና ሁለቱ ሴሚያሶች (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) ወጡ። ሞተሩ በላይ በኩል በተጋደመ ብረትና በሰንሰለት ተንጠለጠለ፤ የካምቢዮው ድጋፎች ሲፈቱ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳይጋደም ይህ ግዴታ ነው። ኮንቨርተሩን ከስስ ቮላኖው (ከሞተሩ ክራንክ ጋር ከሚዞረው የብረት ሳህን) ጋር የሚያያይዙት 6 ቡሎኖች በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው የሚደረስባቸው። ልጁ ከፊት በኩል የክራንክ ፑሊውን ቡሎን በቁልፍ እያዞረ አንድ በአንድ ያመጣልኛል፤ እኔ እፈታለሁ። ከ6ቱ አንዱ ቀለሙ የተለየ ነው፤ ሲገጠም መጀመሪያ የሚገባውም እሱ ስለሆነ ለብቻው በጨርቅ ጠቀለልሁት።

ካምቢዮው ሲለያይ ኮንቨርተሩ ከቮላኖው ጋር እንዳይቀር ወደ ካምቢዮው በኩል እየተገፋ ነው የሚወርደው። ኮንቨርተሩን ከማውጣቴ በፊት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በካምቢዮው አፍ ላይ አጋድሜ፣ ከማስመሪያው እስከ ቡሎኑ መቀመጫ ያለውን ጥልቀት በካሊፐር ለካሁ፤ 23 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር በካምቢዮው ገላ ላይ በነጭ ቀለም ጻፍሁት። በእጁ መመሪያ የሌለው ሰው ሲገጥም የሚያስፈልገው ዋና ልኬት ይኸው ነው፤ ካወጡት በኋላ ግን መለካት አይቻልም።

የላበው ዘይት ምንጭ ግልጽ ሆነ። ከክራንኩ የኋላ ፓራኦሊዮ ቢሆን ቡኒ ወይም ጥቁር የሞተር ዘይት ነበር የሚገኘው፤ የቮላኖው ጀርባ ግን ደረቅ ነው። የኮንቨርተሩ አንገት የሚገባበት የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ ፓራኦሊዮ ግን ጠንክሮ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቦታው ክፍት ሆኖ ሳለ ሁለቱንም ለመለወጥ ወሰንሁ፤ የክራንኩ ፓራኦሊዮ ዋጋ ካምቢዮ ዳግመኛ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።

ኅዳር መጨረሻ፤ ቶርኖ ቤት

አሮጌውን ኮንቨርተር ለማስከፈት አቃቂ ወዳለ ቶርኖ ቤት ወሰድሁት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስከ ከሰዓት ጠበቅን። ባለሙያው ዕቃውን እያገላበጠ፣ “ወንድሜ፣ ይኼ አንዴ ከተቆረጠ እኔ ጋ መልሶ አይበየድም። ልየው ካልክ ግን ችግር የለም” አለኝ። ትክክል ነው። የተቆረጠ ኮንቨርተር ተመልሶ ሲበየድ አንገቱና የፊት ሽፋኑ በአንድ መሐል መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ ቶዮታ የአንገቱን መዋዠቅ የሚፈቅደው እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የቮላኖውን ደግሞ እስከ 0.20 ነው። ከዚያም ባላንስ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ሳይኖር በዓይን በይዶ መግጠም የፓምፑን ቡሽና አዲሱን ፓራኦሊዮ በአጭር ጊዜ መብላት ነው። ቁርጡን የፈለግሁት ለመጠገን ሳይሆን ንዝረቱ ከየት እንደመጣ በዓይኔ ለማየት፣ ልጁም እንዲማርበት ነው። ለቆረጣው 1,200 ብር ከፈልሁ።

ብየዳው ዙሪያውን ሲለቅ ሽፋኑ ተከፈተ። ከሽፋኑ ጋር ተያይዞ የሚዞረው ኢምፔለሩ ነው፤ እሱ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል፣ ዘይቱንም ከመሐል ወደ ዳር ይወረውራል። ከፊቱ ያለው ተርባይን ዘይቱን ተቀብሎ የካምቢዮውን የመግቢያ ዘንግ ያዞራል። በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሿ ባለ ክንፍ መንኮራኩር ስታተሩ ናት። በውኃ ወፍጮ መዘውሩን መትቶ የጨረሰው ውኃ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ዘይቱ የሚሄድበት ወንዝ የለውም፣ ወደ ኢምፔለሩ መመለስ አለበት፣ ሲመለስም በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምዝዞ ነው። ስታተሩ ባይኖር ይህ ዘይት ኢምፔለሩን ፊት ለፊት ይገፋው ነበር። የስታተሩ ክንፎች ዘይቱን መልሰው ኢምፔለሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚያዞሩት፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ተርባይኑ ሞተሩ ከሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል 2 እጥፍ ገደማ ያገኛል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 የፓተንት መብት ያወጣበት ይህ ሐሳብ ለመኪና የታሰበ አልነበረም፤ በፍጥነት የሚዞር የእንፋሎት ተርባይን ዝግ ብሎ የሚዞር የመርከብ ፕሮፔለር እንዲያሽከረክር ነው።

ተርባይኑ የኢምፔለሩን ፍጥነት ወደ 90 በመቶ ሲደርስበት ዘይቱ የስታተሩን ክንፍ ከጀርባ መምታት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ስታተሩ ከመንገድ እንዲወጣ በአንድ አቅጣጫ በነፃነት የሚዞርበት ክላች በመሐሉ አለ። ጋራዡ ተበላሽቷል ያለው ይህ ነው። ጣቶቼን በውስጠኛው ቀለበት ጥርሶች ላይ አድርጌ ሳዞረው፣ በሰዓት አቅጣጫ ያለ ምንም መንገራገጭ ዞረ፤ በተቃራኒው ቀጥ ብሎ ያዘ። ልጁም ሞከረ። ኩሽኔቶቹም ላይ ጭረት የለም።

ጉዳቱ ያለው ሎክ አፑ ላይ ነው። ሎክ አፑ ከተርባይኑ ፊት ያለ ሰፊ ሳህን መሰል ፒስተን ሲሆን፣ ዳሩ ላይ እንደ ወረቀት ያለ የፍሪሲዮን ቀለበት ተለጥፎበታል። ክላቹ ሲለቅ ዘይቱ በመግቢያው ዘንግ መሐል ሄዶ በሽፋኑና በፒስተኑ መካከል ይገባና ያራርቃቸዋል፤ እንዲይዝ ሲታዘዝ የዘይቱ ጉዞ ይገለበጥና ግፊቱ ከጀርባ ሆኖ ፒስተኑን ከሽፋኑ ጋር ያጣብቀዋል። በእኛው ላይ ቀለበቱ ግማሽ ዙር ያህል ጠቁሮ እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል፤ ጥፍር ሲሳብበት ይንሸራተታል። በቀረው በኩል ገና ሸካራ ነው። አንድ ቦታ ላይ የጣት ስፋት ያህል ተልጦ ወጥቷል። ከፊቱ ያለው የሽፋኑ ብረትም ሙቀት ያበለዘው ነጠብጣብ አለበት። ግማሹ የሚንሸራተት ግማሹ የሚይዝ ክላች፣ ዘይቱ ሲታደስ ለጥቂት ሳምንት ዝም ብሎ ከዚያ መልሶ መንቀጥቀጡ አያስደንቅም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፤ ሶማሌ ተራ

አዲስ ኮንቨርተር በዋጋው ምክንያት አልታሰበም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገሉ ካምቢዮዎች ከነኮንቨርተራቸውም ለብቻቸውም ይሸጣሉ። መጀመሪያ የቀረበልኝ ውጪው ታጥቦ ቀለም የተቀባ ነው። ሻጩ “ወንድሜ፣ ይኼ እንደ አዲስ ነው” ቢልም አንገቱ ላይ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አለው፤ ፓምፑን የሚያዞሩት ጥርሶችም ጠርዛቸው ተሸርፏል። ተውኩት። የሚመረጠው ቀለም ያልተቀባው ነው፤ ቀለም ብየዳን ይሸፍናል።

የወሰድሁት ከሌላ ሱቅ፣ 18,000 ብር ነው። አንገቱ ልስልስ ነው፤ ላዩ ላይ የታተመው ምልክት ከአሮጌው ጋር አንድ ነው፤ የቡሎን መቀመጫዎቹና የጥርሶቹ ልክም ገጠሙ። ጣት አስገብቼ ስታተሩን አዞርሁት፤ በአንድ ወገን ዞሮ በሌላው ያዘ። ዘቅዝቄ በነጭ ጨርቅ ላይ ያወጣሁት ዘይት የጠቆረ ቢሆንም ብረት የለበትም። የሎክ አፑን ገጽ ግን ሳይቆረጥ ማየት አይቻልም፤ እዚህ ላይ ያገለገለ ዕቃ መግዛት አደጋ አለው። ሻጩ ገጥሜ እስክሞክረው ድረስ ለመመለስ ተስማማ፤ ስምምነቱንም ደረሰኙ ላይ አስጻፍሁት።

ቤት ስመለስ ትንሽ ላምባ ጨምሬ ወዲያ ወዲህ አንከባልዬ ገለበጥሁት፤ ጨርቅ ላይ የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን ተደጋገመ። ላምባ ውስጡ ቀርቶ አዲሱን ዘይት እንዳያቀጥነው ለሌሊቱ ዘቅዝቄ አሳደርሁትና በማግስቱ በአዲስ ዘይት አለቀለቅሁት። የዘይቱ ማቀዝቀዣ በራዲያተሩ ታች ውስጥ ስለሆነ ሁለቱን ቱቦዎች ፈትቼ እዚያ የተጠራቀመውንም ዝቃጭ በአዲስ ዘይትና በቀስታ የአየር ግፊት አወጣሁ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውኃ ብቻ መሆኑ አሳስቦኛል፤ ዝገት ያንን ማቀዝቀዣ ከበሳው ውኃ ካምቢዮ ውስጥ ይገባና የፍሪሲዮኑን ወረቀት ያላቅቀዋል። ባለቤቱ ኩላንት እንዲገዛ ነግሬው ገዝቷል።

ታኅሣሥ አጋማሽ፤ መግጠም

አዲሱ የፓምፕ ፓራኦሊዮ ከንፈሩ ዘይት ተቀብቶ፣ ዙሪያውን እኩል በሚመታ ቀለበት ቀስ እያለ ገባ። ኮንቨርተሩ ውስጥ 1 ሊትር ያህል ዘይት ቀድሞ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ደረቅ ሆኖ እንዳይዞር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ካምቢዮ የሚድንበት ወይም የሚሰበርበት ነው። ኮንቨርተሩ ሲገባ ሦስት ቦታ መያዝ አለበት፤ የተርባይኑ ጥርስ ከመግቢያው ዘንግ፣ የስታተሩ ጥርስ ከቋሚው ዘንግ፣ የአንገቱ ጥርሶች ከፓምፑ ማርሽ ጋር። ልጁ ኮንቨርተሩን እያዞረ ሲገፋ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ወደቀ።

“ጋሼ፣ ገብቷል፤ ከዚህ በላይ አይሄድም” አለኝ።

“ማስመሪያውን አጋድመውና ለካ።”

ለካው፤ 14 ሚሊ ሜትር። በነጭ ቀለም የተጻፈውን 23 ሲያይ ምንም ሳልለው መልሶ ማዞር ጀመረ። የቀረው 9 ሚሊ ሜትር የፓምፑ ማርሽ ነው። በዚያው ሁኔታ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ተጋጥሞ ቡሎኖቹ በጉልበት ቢጠብቁ ኖሮ የኮንቨርተሩ አንገት የፓምፑን ማርሽ ይሰነጥቀው ነበር፤ ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያው ደቂቃም የብረት ስንጣሪ መላው ካምቢዮ ውስጥ ይዳረስ ነበር። ኮንቨርተሩን በትንሹ ወደ ራሱ እየሳበ፣ እያነሣሣ፣ በቀስታ ሲያዞረው ሦስተኛው ጊዜ ወደቀ። ልኬቱም 23 ሞላ።

ሁለቱ ሲጋጠሙ ሌላው ማረጋገጫ፣ የካምቢዮው ቡሎኖች ሁሉ ከጠበቁ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃነት መዞሩና ወደ ቮላኖው ለመድረስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መሳብ የሚቀረው መሆኑ ነው። ተጣብቆ ቢሆን መፍታት ነበር። ቀለሙ የተለየው ቡሎን መጀመሪያ፣ ሌሎቹ ቀጥለው ገቡ፤ ሁሉም በእጅ ከያዙ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ጠበቁ።

ዘይቱን በአንድ ጊዜ አልሞላሁም። መጀመሪያ 4 ሊትር፣ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በሁሉም ቦታ እየታለፈ፣ በመለኪያው ዘንግ እየታየ ተጨመረ። የመጨረሻው ልክ የሚነበበው ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ሙቅ በሚለው ምልክት ነው። ሞተር አጥፍቶ የሚለካ ሰው ካምቢዮውን በጎደለ ዘይት ያስነዳዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ከኮንቨርተሩና ከቱቦዎቹ ወደ ኮፓው የሚመለሰው ዘይት ልኩን ከፍ አድርጎ ያሳየዋልና።

ታኅሣሥ መጨረሻ፤ በመንገድ ላይ

በፍጥነት መንገዱ ላይ በ60፣ በ70፣ በ80 ኪሎ ሜትር ሎክ አፑ ሲይዝ የሚታወቀው ዙሩ ሲወርድ ብቻ ነው፤ መቀመጫው ላይ ምንም አይሰማም። በ80 ኪሎ ሜትር 1,850 ዙር፣ ፍሬን ሲነካ 2,040 ነው። ዳገት ላይ ለረጅም ጊዜ ነዳጅ በለስላሳው ተይዞም አልተንቀጠቀጠም። ከካምቢዮው በታች የተዘረጋው ካርቶን ከሳምንት በኋላም ደረቅ ነው።

የስቶል ሙከራውንም ደገምሁት፤ 2,070 ዙር። ከቀድሞው በ10 ዙር የሚለይ ሲሆን፣ ስታተሩ ጤነኛ መሆኑ በቶርኖ ቤት ከታየው ኮንቨርተር ጋር በተግባር አንድ ነው። ጋራዡ ሙሉ ካምቢዮ ለውጦ ቢሆን ኖሮም ያገኝ የነበረው ይህንኑ ቁጥር ነው። ባለቤቱ ሁለቱን ንባቦች ከጎረቤቱ መኪና ንባብ ጋር አድርጌ በወረቀት እንድሰጠው ጠየቀኝና ሰጠሁት።

ወጪው ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የባከነውን ዘይት ጨምሮ ከ45,000 ብር ትንሽ በለጠ፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት ኮንቨርተሩና ዘይቱ ናቸው። የጉልበት ዋጋ አልተጨመረበትም። ያገለገለው ኮንቨርተር ውስጡ ስላልታየ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ በኮፓው ቡሎን ወርዶ ቀለሙና ማግኔቶቹ ይታያሉ። እስከዚያ ድረስ የሻጩ ደረሰኝ መኪናው ውስጥ ይቆያል።